ካባው ይቆየን፣ የኃይሌ ገሪማን ፊልሞች አምጡልን

ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ግልባጭ፦ ፊልም ለሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ

ክቡራን፣

ጉዳዬ አጭር ነው፤ ደብዳቤው ግን ትንሽ ይረዝማል። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ፊልሞች በአገራቸው፣ በትልቅ ስክሪን፣ በጥሩ ቅጂና በሕጋዊ መንገድ እንዲታዩ እጠይቃለሁ። ቅጂዎቹም በቤተ መዛግብታችን እንዲቀመጡ። ሽልማት ስጧቸው እያልኩ አይደለም፤ ሽልማት ሞልቷቸዋል። ካባ ማልበሱንም ታውቁበታላችሁ። እኔ የምለው ሥራው ይምጣ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባችሁ ከሕይወታቸው ጥቂት ልጥቀስ። ዓመቶቹን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ የፊልሙ ዓለም መዝገብ በዚያ ስለተያዘ። በእኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ጎንደር የተወለዱት የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። የዓድዋ ድል ሃምሳ ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ የጎንደርን አርበኞች ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» ብለው ያስነበቡን ሰው ናቸው። ቴአትርም ይደርሱ ነበር። ቡድን ይዘው በየቦታው እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ልጃቸው ያደጉት ይህን እያዩ ነው። እናም ታሪክ መንገርን አሜሪካ ሄደው አልተማሩም። አሜሪካ የተማሩት ካሜራውን ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሄዱ ሐሳባቸው ትወና ነበር። የገቡት ቺካጎ፣ ጉድማን የሚባለው የድራማ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ለጥቁር ተማሪ የሚተርፈው ሚና በአብዛኛው የአሽከር ነበር። የአርበኛ ታሪክ ጸሐፊ ልጅ በሰው መድረክ ላይ ትሪ ተሸክሞ ሲወጣ ይታያችሁ! በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገሩና ዩሲኤልኤ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ፊልም መማር ጀመሩ።

አጋጣሚው ጥሩ ነበር። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ላሪ ክላርክና ቤን ካልድዌል በዚያው ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። አንዱ የሌላውን ፊልም ይቀርጻል፣ ያግዛል፣ ይተቻል። የሆሊውድን የጥቁር ሰው ሥዕል አንቀበልም ያሉ ልጆች ነበሩ። በኋላ የታሪክ ጸሐፊዎቹ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» ብለው ስም አወጡላቸው። ፕሮፌሰር ኃይሌ እዚያ ተማሪ እያሉ «ቡሽ ማማ»ን ሠሩ። ዶሮቲ የምትባል፣ ዋትስ በተባለው የድሆች ሰፈር በመንግሥት ድጎማ የምትኖር እናት ታሪክ ነው። ባሏ ባልሠራው ወንጀል ታስሯል። የድጎማው ቢሮ ደግሞ ፅንሷን እንድታስወርድ ይገፋፋታል። ካሜራ ከያዙት አንዱ በርኔት ነው። ፊልሙ ሲጀምር ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ያ ትወና አይደለም። የፊልሙን ሠራተኞች ራሳቸውን ነው ያስቆሟቸው፤ ካሜራው ግን አልቆመም።

በ2022 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ቡሽ ማማ»ን በብሔራዊ የፊልም መዝገቡ ውስጥ አስገባው። ይህ መዝገብ በየዓመቱ ለአገሪቱ ባህልና ታሪክ ይበጃሉ፣ ሊጠበቁ ይገባል የተባሉ 25 ፊልሞች የሚመረጡበት ነው። ልብ በሉ፣ ፊልሙ የአሜሪካን ፖሊስና የአሜሪካን ቢሮክራሲ ይወቅሳል። የሠራውም የጎንደር ሰው ነው። እነሱ ግን የእኛ ነው ብለው መዘገቡት። ቅናት ያዘኝ ብል አላፍርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

በ1974 ተማሪው ኃይሌ የትምህርት ዕረፍታቸውን ተጠቅመው አገር ቤት መጡ። የያዙት ጥቂት ሰውና የ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ነው። ጊዜው አብዮቱ የፈነዳበት ነው። ዘውዱ እየወደቀ፣ ወታደሩ እየገባ። ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። በዚያ ግርግር መሃል ገጠር ገብተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ንግግሩ አማርኛ ነው። የሚተውኑት የፊልም ተዋንያን አይደሉም። አንድ ጭሰኛ ቤተሰብ አለ። ሌሊት ይነሣል፣ ያርሳል፣ ይጠብቃል፣ ይሸከማል። አንድ ባለርስት አለ። ከቤቱ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሳደባል። በለጠች የምትባል ትንሽ ልጅ የጌታዋን ከብት ከደራሽ ውኃ ላድን ስትል ትሰጥማለች። ከበበ የሚባል፣ መሬቱን የተነጠቀ፣ «እብድ» እየተባለ የሚኖር ሰውም አለ። በአገሩ እውነቱን የሚናገር እሱ ብቻ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ እዩት።

እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ቀላል አይደለም። ይዘገያል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ስልኩን የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ግን የገበሬ ቀን ራሱ እንዲያ ነው የሚሄደው። ሰውየው በሬ ጠምዶ አንዷን ትልም ሲጨርስ ካሜራው ይጠብቀዋል፣ አይቸኩልም። እኔ ስለ ጭሰኛ ብዙ አንብቤያለሁ። የጭሰኛ ድካም ትከሻዬ ላይ የወረደው ግን በዚህ ፊልም ነው። በ1976 ስዊዘርላንድ፣ በሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የብር ነብር የሚባለውን ሽልማት ተሸለመ። ከአፍሪካ ሲኒማ ታላላቅ ሥራዎች ተርታም እስከ ዛሬ ይጠራል።

ቀኑን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ ተቀርጿል። ዳይሬክተሩም ያን ዕለት 29 ዓመት ሞላቸው። አጋጣሚ ነው፤ ትርጉም ልስጠው አልልም። ለፕሮግራም አዘጋጅ ግን ከዚህ የተሻለ ቀን የት ይገኛል?

እኔ ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ሰው ከሰው እየቀዳ ያዳረሰው ብዥ ያለ ቅጂ ላይ ነው። ፊቱ ከግድግዳው አይለይም። ድምፁ ይቆራረጣል። ስለ ገበሬው የተሠራውን ትልቁን ፊልማችንን እኔ የማየው በዚህ ዓይነት ከሆነ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ልጅ ምን ሊያይ ነው?

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ ለአሥርት ዓመታት። በሰሜን ካሮላይና በግፍ ስለታሰሩት፣ «የዊልሚንግተን አሥሩ» ስለሚባሉት የመብት ታጋዮች ዘጋቢ ፊልም ሠሩ። በ1982 ከቬትናም ጦርነት ስለተመለሰ ጥቁር ወታደር የሚናገረው «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» ወጣ፤ በርሊን ላይ የተቺዎችን ሽልማት አገኘ። ስለ ገጣሚው ስተርሊንግ ብራውንም ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ሥራ አላቸው።

«ሳንኮፋ» ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ። ምክንያቱም እናንተን የሚመለከተው ነገር እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

«ሳንኮፋ» ስለ ባርነት ነው። ጋና ውስጥ፣ ባሮች ወደ መርከብ ይጫኑበት በነበረ ምሽግ ይጀምራል። ሞና የምትባል አፍሪካ አሜሪካዊት ሞዴል እዚያ ፎቶ ስትነሣ ወደ ኋላ ተጎትታ በእርሻ ላይ ያለች ባሪያ ትሆናለች። በ1993 በርሊን ለዋናው ውድድር ቀረበ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ሲመለስ አከፋፋይ ኩባንያዎቹ አንወስደውም አሉ። ባሪያው የሚያምፅበትን ፊልም ማን ያያል ብለው ይሆናል። ሌላ ሰው ቢሆን ፊልሙን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ያለቅስ ነበር። ፕሮፌሰር ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪክያና አይና ግን ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት በራሳቸው ገንዘብ ተከራዩ። ሺሪክያና ራሳቸው ዳይሬክተር ናቸው። ወሬውን ያዳረሱት በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየማኅበሩ ነው። ሰው ተሰለፈ። ሳምንት ሳምንትን ወለደ። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። ከየከተማው ሰዎች ተደራጅተው ይከራያሉ፣ ያሳያሉ።

ባልና ሚስቱ በኋላ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚያው በፊልሙ ስም መጻሕፍት ቤት ከፈቱ። ዋሽንግተን ያለ ሐበሻ ያውቀዋል። በ2019 የንብረት ግብሩ ከብዶ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሰፈሩ ተነሣ። የከተማው ምክር ቤትም የግብር እፎይታ ሰጣቸው። ይህን የማነሣው የመሥሪያ ቤት ሥራ ምን እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። ምክር ቤቱ ካባ አላለበሳቸውም፤ የከበዳቸውን ሸክም አይቶ አቀለለላቸው።

በ2021 ደግሞ ዳይሬክተሯ ኤቫ ዱቨርኔይ በምትመራው ድርጅት አማካኝነት «ሳንኮፋ» ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ከወጣ በኋላ በማግስቱ የኦስካሩ አካዳሚ ሙዚየም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቫንቴጅ የተባለውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሳቸው ሰጠ። ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ሆሊውድም ዘገየ እንጂ አልቀረም።

እናንተን የሚመለከተው ምኑ ነው? እኒህ ሰው የፊልማቸው ባለቤትነት ከእጃቸው እንዳይወጣ ዕድሜ ልካቸውን የታገሉ ናቸው። ገንዘቡን ለምነው፣ ተበድረው፣ ዓመት ጠብቀው ሠርተዋል። ኔጋቲቩንም መብቱንም አልሸጡም። ስለዚህ «ለአገርዎ በነፃ ያበርክቱ» የሚል ደብዳቤ እንዳትጽፉላቸው። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ መጻፍ እንደሚቀናን ስለማውቅ ነው። ቅጂው በዋጋ ይገዛ። ማሳያውም ክፍያ ይኑረው። በመንግሥት በጀት አቅም ይህ ሰማይ የሚነካ ገንዘብ አይደለም። አንድ ትልቅ የሆቴል ስብሰባ ከነቡፌው የሚበላውን ሁላችንም እናውቃለን።

በ1990ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ሁለት ዘጋቢ ፊልሞች ሠርተዋል። በ1994 የወጣው ከፖላንዱ ጸሐፊ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ ጋር ከደርግ ውድቀት በኋላ አገሪቱን ሲዞሩ የሠሩት ነው። በ1999 የወጣው «ዓድዋ» ነው። ይህኛው የታሪክ መምህር ሠሌዳ ፊት ቆሞ እንደሚያስረዳው ዓይነት አይደለም። የአባቶች ትረካ፣ ፉከራው፣ ዘፈኑ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ እየተቀባበሉ ጦርነቱን ይነግሩናል። ከልጅነታቸው የሰሙትን የአባታቸውን ድምፅ ፍለጋ የመጡ ይመስላል። በዓድዋ ሰሞን ቴሌቪዥኖቻችን የሚያሳዩትን ተዉትና ይህን አንድ ጊዜ እዩ፣ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ከዚያ «ጤዛ» መጣ። ለመጠናቀቅ ከአሥር ዓመት በላይ የወሰደ ፊልም ነው። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አገሩን ሊያገለግል ተመልሶ፣ በአብዮቱ ጓዶቹ መሃል ተቀጥቅጦ፣ ጀርመንም በዘረኞች ተደብድቦ፣ አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ ቤት የሚገባ ምሁር ነው። መንደሩ ውስጥ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። እናትየው ምንም አትጠይቀውም፤ ታበላዋለች፣ ትጸልይለታለች። እንደ እኔ ፊልሙ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሊናገር ይሞክራል፤ አንዳንዱ ትዕይንት ሰብሰብ ቢል ይመረጥ ነበር። ግን የዚያን ትውልድ ቁስል እንዲህ የነካ ሌላ ፊልም አላየሁም። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን አገኘ። በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ሲኒማ ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ ወሰደ። ከሙዚቃው ደራሲዎች አንዱ የራሳችን ጆርጋ መስፍን ነው።

ተማሪዎቻቸውንም አንርሳ። «አራይቫል»ን ቀርጾ ለኦስካር የታጨው ብራድፎርድ ያንግ ሃዋርድ የእሳቸው ተማሪ ነበር። በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ሥራው የሚታየው አርተር ጃፋም እንዲሁ። ልጃቸው መራዊ ገሪማ በ2020 «ሬዚዱ» በተባለ ፊልሙ በራሱ ስም ወጥቷል። እኒያ ሁሉ የተማሩት ከእኛ ሰው ነው። አዲስ አበባ ፊልም የሚማረው ልጅ ግን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በደህና ቅጂ አይቶ ቢመረቅ ትልቅ ዕድል ነው።

ሁለት መልስ ከእናንተ ዘንድ ሊመጣ እንደሚችል እገምታለሁ።

አንደኛው «ዩቲዩብ ላይ አለ» ነው። ይህ መልስ አይደለም። ተሰርቆ የተጫነ ብዥታ ቅርስ አይሆንም። መንግሥት ደግሞ የራሱን ዜጋ ሥራ በተሰረቀ ቅጂ ቢያሳይ የቅጂ መብት የሚለውን ስብከት ማን ይሰማዋል?

ሁለተኛው በአፍ አይነገርም፤ በዝምታ ነው የሚመጣው። «ፊልሞቹ ፖለቲካ አላቸው።» አዎ፣ አላቸው። ባላባቱን ይነካሉ፣ ደርግን ይነካሉ፣ ከደርግ በኋላ የመጣውንም ይነካሉ። ምሁሩንማ ከሁሉ በላይ ይነካሉ። ለየትኛውም ወገን ያደሩ ስላልሆኑ ለሁሉም ወገን ይሆናሉ። አሜሪካኖቹ ፖሊሳቸውን የሚከስ ፊልም መዝግበው ሲያስቀምጡ ፖሊሱም አልፈረሰ፣ አገሩም አልጠፋ።

እንግዲህ ሐሳቤ ይኸውላችሁ። በየካቲት ሳምንት እንጀምር። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አዳራሽ አላጣም። የካቲት 23 ማታ እዚያው «ዓድዋ» ይታይ። የካቲት 25 ደግሞ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»። መግቢያው የተማሪን ኪስ የማይጎዳ ይሁን። በፊልሙ ማግስት ውይይት ይኑር፤ ግን እባካችሁ የመክፈቻ ንግግሩን አሳጥሩት። ሁኔታው ሲፈቅድ ጎንደርም ይሂድ። ስለ ገበሬ የተሠራ ፊልም ገበሬው ሳያየው ሃምሳ ዓመት ማለፉ ቅር ይለኛል። «ምርት» ከአማርኛ ሌላ በሆኑ የአገራችን ቋንቋዎች የግርጌ ጽሑፍ ይሠራለት። ጭሰኛ በሁሉም ክልል ነበረ። «ሳንኮፋ» እና «ቡሽ ማማ» ደግሞ የአማርኛ ጽሑፍ ይፈልጋሉ።

ማስቀመጡ የቤተ መዛግብት ድርሻ ነው። ፊልም እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ተሰክቶ አይቆይም። ሙቀቱና እርጥበቱ የሚለካበት ክፍል ይፈልጋል። ዲጂታል ቅጂም በሁለት በሦስት ቦታ ተይዞ በየጊዜው መታየት አለበት። ፋይል ዝም ብሎ ሲቀመጥም ይበላሻል። ይህን የምታውቁ ባለሙያዎች አላችሁ። የሚያስፈልጋቸው ትእዛዝና በጀት ነው። አንዴ ክፍሉ ከተዘጋጀ ደግሞ ለእሳቸው ብቻ አይሆንም፤ እንደ «ሂሩት አባቷ ማነው» እና «ጉማ» ያሉ ቀደምት ፊልሞቻችንም ይገቡበታል።

መጀመሪያ ግን ስልኩን አንሡ። ባለመብቶቹ ዋሽንግተን ናቸው፤ መጻሕፍት ቤታቸው ክፍት ነው። ፕሮፌሰሩ ወደ ሰማንያ ዓመታቸው ነው። የትኛው ቅጂ የት እንዳለ፣ የትኛው መታደስ እንዳለበት፣ ቀለሙና ድምፁ እንዴት መሆን እንደነበረበት ዛሬ ከራሳቸው አፍ መስማት ይቻላል። ዋጋውን ጠይቁ፣ ውሉን ጻፉ፣ ክፈሉ።

መልሳችሁን በግልጽ ብታወጡት ደስ ይለኛል፤ ደብዳቤዬም ግልጽ ነውና። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ግን ተዉት፤ እሱን እናውቀዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊልም ተመልካች
አዲስ አበባ